ሸርጣንና ክትፎ

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ኮሌጅ ስፖርት ሊጉ ቢግ ቴን ከገባ ወዲህ ኦሃዮ ስቴት ወደ ኮሌጅ ፓርክ መመላለሱ አልቀረም። እኛም ተከትለን፣ ከኮሎምበስ ሌሊቱን ስንነዳ አድረን ገባን። ፉትቦሉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። የሁለቱም ደጋፊ ቀይ ለባሽ ስለሆነ በባልቲሞር ጎዳና መጠጥ ቤቶች እንግዳ ነህ ብሎ የሚገላምጥህ የለም።

«ሜሪላንድ ተመጥቶ ሸርጣን ሳይበላ?» አለ ጓደኛዬ። እንደ ፍም የቀላ፣ ኦልድ ቤይ ቅመም እንደ በርበሬ የተነሰነሰበት ክምር መጣ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንጥፈው ዘረገፉትና የእንጨት መዶሻ አስጨበጡን። ምሳ ነው አናጺነት? እሱ እግሩን ገንጥሎ ሲመጥ የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፦ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን!

«አንተ ጨርስ፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ ልምጣ።»

ሩቅ አይደለም፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም ሞልቷል። ቅዳሜ ነው፣ የነቢያት ጾምም ገና አልገባ። ክትፎ ለብለብ አዘዝኩ። ቢራውን ተውኩት፤ ሁለቱ ተገናኝተውብኝ ሁለተኛው ሩብ ላይ አንቀላፍቼ አውቃለሁ። አቦሉን እየጠጣሁ ደወልኩለት።

«ስንት በላህ?»

«አንድ ደርዘን።»

«ጠገብክ?»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ክትፎ አስጠቅልልኝ፤ አይቡን እንዳትረሳ።»