ኪቦርዱ የማን ነው?

እናላችሁ ወዳጆቼ፣ ነገሌ ቦረና ጭፈራ ቤት ሊቀጠር የሄደ ሙዚቀኛ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትችላለህ?» ተብሎ አይደለም። «ኪቦርድ አለህ?» ነው። ካለው ይከራከራል፤ ከሌለው ዋጋው ይነገረዋል።

እኔ በባለቤቱ ኪቦርድ አምስት ወር ሠራሁ። ደመወዝ ስጠይቅ «ሽልማቱስ?» ይለኛል። ሞቅ ያለው እንግዳ ግንባሬ ላይ የሚለጥፋት ብር መሆኗ ነው! እሷ እኮ ከእንግዳው ኪስ እንጂ ከሱ አልወጣችም። ቤቱ ጭር ሲል «ገበያ የለም»፣ ሲሞላ «ኪቦርዱ ይጠገንበታል»። «ጋሼ፣ የሠራሁበትን ብቻ» ስለው «ሌላ ቤት ሞክራ!» አለኝ። የቱን ቤት? ባዶ እጄን አዶላ ድረስ ብሄድ እዚያም የምጠየቀው ያንኑ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አዲስ አበባም የብዙ ባንዶች መሣሪያ የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ክለቡን የለቀቀ ባንድ መሣሪያ አጥቶ ይበተናል። እነ ኃይሉ መርጊያ፣ የዋልያስ ባንዶች፣ የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ እንደ ባንድ አሜሪካ ተሻገሩ።

ከተማችንም ብትሆን ለቅሬታ አዲስ አይደለችም። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚሁ የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር ሲያምፅ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ወታደሮቹ ግን ብዙ ነበሩ፤ እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

አሁን ሦስት ሙዚቀኞች ዕቁብ ገብተናል። ዕጣው ለማንም ይውጣ፣ የመጀመሪያው ብር ኪቦርድ ይገዛበታል። ለዋጋ ድርድር የምንሄደውም ሦስታችንም ነን።