ወተት የሚጠጣው ግድግዳ

እናንተዬ! ግድግዳ ወተት ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቻይና ስማር ቲቤት ሄጄ አይቻለሁ።

ላሳ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1645 መሠራት የጀመረው የፖታላ ቤተ መንግሥት አለ። ዝናቡ እንደኛው በሐምሌና በነሐሴ ኖራውን ያጥበዋል። ዝም ከተባለ ውኃው ወደ ውስጥ ይዘልቃላ! ስለዚህ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ ይቀባል። ኖራው ከወተት፣ ከማርና ከስኳር ጋር ተበጥብጦ በባልዲ ይደፋል። እንዲጣበቅ ነው ይላሉ፤ ለቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ መባ ነው።

ከፍታው ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። እኔ ባዶ እጄን ሆኜ ትንፋሽ አጠረኝ። አንዲት የአያቴ እኩያ ግን ኖራ ተሸክመው ዳገቱን ሽቅብ ይወጣሉ። ገመድ ላይ ተንጠልጥለው የሚቀቡም አሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአስጎብኚዬ በኩል «እማማ፣ ስንት ይከፈልዎታል?» ብዬ ሳስጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ። መልሱ እሱ ነበር።

እኛስ? የሰፈራችን አጥር ሲፈርስ «ቀበሌ ምን ይሠራል?» እንላለን አይደል? እስቲ ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና አንድ ባልዲ ኖራ በጥብጡ። ወተቱን ግን ለልጆች ተዉት!