ማን ነው «እኔን» የሚለኝ?

ከካምፕ ውጭ ያለ ሰው «ስደተኛ» ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት፣ እጁን አጣጥፎ ከሸራ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ነው። እኛ የካኩማ ነዋሪዎች ግን እናውቀዋለን። የስደተኛ ቀን ሥራ የሌለበት ቀን አይደለም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ጢም ብሎ የሞላበት ቀን ነው። ቧንቧው በሰዓት ስለሚከፈት ጀሪካን ገና ሳይነጋ መሰለፍ አለበት። ራሽን የሚታደልበት ቀን እንዳለ የራሽን ነው። ወረቀት ለማሳደስ፣ በስሕተት የተጻፈ ስም ለማቃናት፣ አንድ በር ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። ከሰሉ አለ፤ ወፍጮው አለ፤ የልጆቹ ልብስ አለ፤ የታመመ ጎረቤት አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ የሚባለው ሥራ አለ። መጠበቅን ሥራ ብሎ የሚቆጥረው የለም እንጂ፣ የሰውን ጉልበት እንደርሱ የሚጨርስ ነገር እኔ አላየሁም። ማታ ሲሆን «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብትባል የምትናገረው ታጫለሽ፤ እግርሽ ግን ቆሞ አይሸከምሽም።

በቋንቋችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ቃል አለ። ሰው ድንጋይ ሲመታው፣ ሕፃን ሮጦ ሲወድቅ፣ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን። እኔን ይድፋኝ፣ እኔን ይምታኝ፣ ሕመሙ ከአንተ ተነሥቶ በእኔ ላይ ይረፍ ማለት ነው። ለማናውቀው ሰው ጭምር እንለዋለን፤ አስበንም አይደለም፣ አፋችን ቀድሞ ይለዋል። እዚህ ዙሪያችንን ያሉት ሱዳኖችም፣ ሶማሌዎችም፣ ኮንጎዎችም የየራሳቸው ማጽናኛ ይኖራቸዋል። የእኛው ግን ገላን በሰው ፋንታ የሚያቀርብ ነው።

ይህን ቃል ሳገላብጠው ታዲያ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የተደናቀፍሁት እኔው ራሴ ብሆን ምን እላለሁ? «እኔን» ማለት አይሆንም፤ ቀድሞውንም የተመታሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይመስለኛል ብቻችንን ስንደናቀፍ ከአፋችን የሚወጣው ሌላ ንግግር የሆነው፦ «ዓይንሽ የት ሄዶ ነው? ድሮም አንቺ!» ለጎረቤት ልጅ ፈጽሞ የማንናገረውን ቃል ለገዛ ራሳችን በየቀኑ እንናገራለን። ሲደክመን ሰነፍሁ እንላለን፤ ሲያመን ተልፈሰፈስሁ እንላለን።

በሠፈራችን አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጽፈውም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ለሰው ቤት እንጀራ ትጋግራለች፤ ጧት ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሕመምተኛ ይዛ ሄዳ ታስተረጉማለች፤ ማታ ደግሞ የሟች ቤት ካለ ድንኳን ውስጥ ወጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ቧንቧው ዘንድ ተሰልፋ ሳለች ወደቀች። ውኃ አፍስሰንባት፣ በነጠላ አራግበናት ነፍስ ስትዘራ የመጀመሪያ ቃሏ «ጀሪካኔስ?» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ሣቅን፤ አሁንም ሠፈሩ ይህን እያነሣ ይሥቃል። ሁለተኛው ቃሏ ግን አያሥቅም። «ይቅርታ፣ አስቸገርኋችሁ» አለችን። እዚያ የነበሩት አንዲት እናት «ልጄ፣ ሁለት ቀን ተኝተሽ ዕረፊ፤ ውኃውን እኛ እናመጣልሻለን» ቢሏት «እማማ፣ አገር ቤት ያሉት ሳይበሉ እኔ እዚህ ልተኛ?» ብላ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። የሚያሮጠን ሥራው ብቻ አይደለም። ቁጭ ማለት ከኋላ የቀሩትን መክዳት ሆኖ ይታየናል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አለ፦ የእናት መድኃኒት፣ የወንድም ጉዳይ፣ የአጎት ልጅ የመንገድ ገንዘብ። የሚደውለው ሰው እኛ ከወጣን ዘንድ ደልቶናል ብሎ ያስባል። አልደላንም ብሎ ማስረዳትም ያሳፍራል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ባገደ ጊዜ አልጋቸውን ሸጠው፣ ሻንጣቸውን አስረው የነበሩ ሰዎች ሻንጣቸውን ፈቱ። በዚያው ዓመት ራሽን ተቀነሰ። አንዳንዱ ሰው ከዚያ ወዲህ የሠራው ነገር ሥራ መጨመር ነው። ሁለት ይሠራ የነበረው ሦስት ያዘ። «ቁጭ ካልሁ ሐሳብ ይበላኛል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን እየሮጠም ያው ሐሳብ እየበላው ነው፤ ልዩነቱ ሲበላው አለማየቱ ብቻ ነው።

መቼም «ዕረፉ» የሚል ምክር ለጠገበ ሰው ነው የሚል አይጠፋም። የሸሸ ሰው ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ ነፍሱን ሊያድን ሸሸ። የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ፣ ከአንድ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በመካከላችን ቢገኝ ስንት ተግሣጽ ይወርድበት ነበር! «አንተ ነቢይ ሆነህ?» «ከአንተ የባሱ አሉ!» እንለው ነበር። የመጣው መልአክ ግን አልገሠጸውም። ቀስቅሶ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አሳየው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ መልሶ መተኛቱን አልተቆጣም፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ምክንያቱም መንገዱ ገና ሩቅ ነበረ፤ እስከ ኮሬብ ዐርባ ቀንና ዐርባ ሌሊት። እንግዲህ ዛፉና ሙቀቱ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ መንገዱም እንደዚሁ።

ይህን ለአንድ የሐረርጌ ተወላጅ ጎረቤታችን ሳጫውታቸው፣ በእስልምናም የሚታወቅ ታሪክ አለ ብለው የሰልማንንና የአቡ ደርዳእን ነገር ነገሩኝ። ሰልማን ከፋርስ ተነሥቶ በሰው አገር የኖረ ሰው ነው። ወንድሙ አድርጎ የያዘው አቡ ደርዳእ ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ቆሞ ይሰግዳል፤ ሚስቱ ተረስታለች። ሰልማን ሊጠይቀው መጥቶ ካልበላህ አልበላም ብሎ አበላው፤ ሌሊትም ሊነሣ ሲል እያስተኛው ቆየና ወደ መጨረሻው ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ፈጣሪህም፣ ሰውነትህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ መብት አላቸውና ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስጥ ብሎ አስረዳው። ነገሩ ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ ሰልማን እውነቱን ነው ተባለ። ጎረቤታችን ይህን ከነገሩኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው «እኔ በዚህ ካምፕ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ የሰውነቴን መብት አስከብሬ አላውቅም፤ የት ቢሮ ነው የሚከሰሰው?» አሉና ሣቁ።

ከዚህም በላይ የሚገርመኝ የራሳችን ታሪክ ነው። ለዕረፍት ቀን ሲሉ የተሰደዱ ሰዎች ነበሩን። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እኩል ትከበር በማለታቸው ከብዙዎች ጋር ተጣልተው አገራቸውን ለቅቀው ወጡ። በግብፅና በቆጵሮስ በኩል አድርገው አርመንያ ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 እዚያው በስደት ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም በሰሜን ዳርቻ ተገፍተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሹመት ተለይተው ብዙ ዘመን ኖሩ። ዐፄ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1404 ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሞት በኋላ ወደ መቶ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የተከራከሩት ለእግዚአብሔር ሕግ እንጂ ለወገባቸው እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም በብዙ ገጠር በሬ ቅዳሜም እሑድም ሳይጠመድ የሚውለው፣ ባሪያውም ገረዲቱም ከወፍጮ ቀና የምትለው በዚያ ክርክር ምክንያት ነበር። በሬ ያገኘውን እኛ ነን የነፈግነው፣ ለገዛ ራሳችን።

ወደ ሠፈራችን ልመለስና፣ ባለፈው ጊዜ ያች እናት ያስተዋሉትን ልንገራችሁ። «በረካ ከጠፋች ሰንብታለች» አሉ። እውነትም ልብ ብለን ስናየው ቡና በአቦል ይቆማል። አንድ ስኒ ተጠጥቶ ሁሉም ይበተናል። ስኳር ተወደደ እንላለን፤ ነገር ግን ቶናና በረካ ያው ጀበና ላይ ውኃ እየተጨመረበት ነው፤ ዋጋው ጊዜ ብቻ ነው። የጠፋው መቀመጥ ነው።

እናም አራት ቤት ሆነን ተራ ገባን። አንዱ ቤት ቡናውን፣ አንዱ ስኳሩን፣ አንዱ ከሰሉን ይዞ ይመጣል፤ አራተኛው ቤቱን ይሰጣል። በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ አቅማችን አይችልም። ሦስት ሕግ አወጣን። በረካ እስክትቀዳ ስልክ ይዘጋል። ስለ ፕሮሰስና ስለ ራሽን አይወራም። «ደክሞኛል» ያለውን ሰው ማንም «በርቺ» ወይም «በርታ» አይለውም።

ሦስተኛው ሕግ ከሁሉ የከበደ ሆነ። «በርቺ» ምላሳችን ላይ ተጣብቋል። ሁለተኛውም ቀላል አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን ፕሮሰስ ሲከለከል ወሬ አለቀብንና አቦልን በዝምታ ጠጣናት። ፍሙ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። ቶና ላይ አንዱ ጎልማሳ፣ ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን ስለ አገሩ አውርቶ የማያውቅ ሰው፣ ወይፈን እንዴት ለቀንበር እንደሚገራ ማውራት ጀመረ። ከትልቅ በሬ ጋር አጣምደህ ባዶ ማሳ ላይ ታለማምደዋለህ፤ ሲደክመው ትፈታዋለህ፤ ደክሞት የተመታ ወይፈን ቀንበር ባየ ቁጥር ይተኛል አለ። ማንም ምንም አልጨመረበትም።

ያች የወደቀችው ጎረቤታችንም ትመጣለች። መጀመሪያ በር ላይ ቆማ አንድ ስኒ ጠጥታ ትሄድ ነበር፤ አሁን ጀሪካኗን ገልብጣ ትቀመጥበታለች። ባለፈው ሳምንት በረካ ሳትቀዳ እንቅልፍ ወሰዳት። እማማ ነጠላቸውን አልብሰዋት፣ ስኒዋን ከልጆች እግር ፈቀቅ አድርገው፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ አሉን።

ሐሙስ ተራው የእኛ ቤት ነው። ሌላ አራት ቤት መጀመር የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይይ። ዱካ ስለማይበቃን ባዶ ጀሪካን ያለው ይዞ ይምጣ።