ዝግጁነትና ሟርት

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ይሁን እንጂ ከሰማነው ውስጥ አንድ ነገር ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ያለፈ ይመስለኛል። አብዛኛው ሰው ያለቀው በመጀመሪያው ናዳ አልነበረም። መጀመሪያ የተቀበሩት ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ኡኡታውን የሰማ ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያጣም በባዶ እጁ ጭቃውን እየጫረ ሰው ለማውጣት ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ መጣና አዳኙን ከተጎጂው ጋር ቀበረው። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። ከእነርሱም መካከል ለነፍስ አድን ሥራ የወጡ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል።

እነዚህ ሰዎች የሞቱት ባህላችን ያዘዛቸውን በመፈጸማቸው ነው። ኡኡ ሲባል ቤቱ የሚቀር ሰው በአገራችን ሰው አይባልም። እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ጥያቄም ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ይህን ያህል ለመድረስ የሚፈጥን ሕዝብ፣ ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ማን ነገረው?

በዚያ ሰሞን እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ዕድራችን ለጎፋ ተጎጂዎች ገንዘብና ልብስ አሰባስቦ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ መዝገቡ በእጄ ነው። የእያንዳንዱ አባል፣ የባለቤቱ፣ የልጆቹና የወላጆቹ ስም በዝርዝር ሰፍሯል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ብረት ድስት ተቆጥረው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ቢሞት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ይተከላል። መዝገቡን እየገለጥሁ ሳለ ይህ ሁሉ ዝርዝርና ይህ ሁሉ ንብረት ከሞት በኋላ ላለው ጊዜ ብቻ የተሰናዳ መሆኑ ታሰበኝ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ፣ ጎርፍ ወይም እሳት ቢነሣ ማን የትኛውን አቅመ ደካማ እንደሚያወጣ አስቀድመን ብንመድብ ምን ይመስላችኋል ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢያችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ እጅግ የማከብራቸው ሰው ናቸው። «ተው ልጄ፣ ክፉን ነገር በስሙ አትጥራው፤ ሟርት ይሆንብናል» አሉኝ። ጉባዔውም በእርሳቸው ሐሳብ ተስማማ።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ እንኳ ይህን ሟርት ከተሻገርነው ቆይተናል። በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ምክንያት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስሙ ተለውጦ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ። ዛሬ ደግሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን እንለዋለን። ከእርዳታ ወደ ዝግጁነት፣ ከዝግጁነት ወደ ስጋት አመራር፤ ስሙ በየጊዜው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራምዷል። በተዳፋት ላይ ጎጆ የቀለሰ ገበሬ ግን ከመንግሥት ጋር በአደጋ ጉዳይ የሚገናኘው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የእህሉ ጆንያና ሸራው ሲመጣለት ነው።

የገጠሩ ሕዝብ ዝግጅትን አያውቅም ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይከደናል፤ በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቀደዳል፤ ማገዶውና ኩበቱ ይከተታል። ለዘር የተለየው እህል ልጅ ተርቦ ቢያለቅስ እንኳ አይነካም። ከዚህ የበለጠ የቤተሰብ ዝግጁነት ከየት ይመጣል? የጎደለው ለአዲሱ አደጋ የሚሆን አዲስ እውቀት ነው። ዛፉ ሲመነጠር፣ እርሻው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲወጣ፣ አባት የማያውቀው አደጋ ለልጁ ይደርሳል። እውቀቱም ቢሆን ረቂቅ አይደለም። ከቤት በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍና አጥር ካዘነበለ፣ ደህና ይዘጋ የነበረ በር ከጠመመ፣ ምንጭ ሳይታሰብ ከደፈረሰ ወይም ባልነበረበት ከፈለቀ፣ ያ ቤተሰብ ዝናቡ እስኪያባራ ሌላ ቦታ ማደር አለበት። አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ ስለሚችልም፣ ለእርዳታ የሚሮጠው ሁሉ በአንድነት ከሥሩ መግባት የለበትም። ጥቂቶች ሲቆፍሩ ሌሎች ከአስተማማኝ ቦታ ሆነው ወደ ላይ መመልከትና ምልክት ሲያዩ መጮኽ ይኖርባቸዋል። ይህን ለማስተማር አንድ የእሑድ ከሰዓት ይበቃል።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ፍትሕ አይሆንም። ቤቱ የተሠራበት ተዳፋት አደገኛ መሆኑን ቢያውቅ እንኳ ወዴት ይሂድ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። የዚህን አንቀጽ ደግነትና ክፋት በሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን። ለአሁኑ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ መሬቱን ሸጦ ሜዳ ላይ መግዛት የማይችልን ሰው ከአደጋ ቀጣና የማውጣት ግዴታ የባለ መሬቱ፣ ማለትም የመንግሥት ነው። ከጎፋው እልቂት በኋላ ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ስፍራ የማዛወር ሥራ ተጀምሯል። በዚያው ክረምት፣ ሁለት ሳምንት ሳይዘገይ፣ በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ከአሥር በላይ ሰዎችን ገደለ። ማዛወሩ ሁልጊዜ ከቀብሩ ኋላ የሚመጣ ከሆነ ስሙን ዝግጁነት ልንለው አይገባም።

አስቀድሞ ማዛወር እንደሚቻልም አይተናል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደርጓል። እርግጥ ነው፣ እዚያ ምድሪቱ ራሷ ለወራት ስታስጠነቅቅ ቆይታለች፤ የጎፋው ተራራ ያን ያህል ጊዜ አልሰጠም።

ያ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም ደርሶ በሌሊት ከፎቅ ያስወርደን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በማግሥቱ ወር በተደረገው የዕድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እስቲ ያን ጉዳይህን አንሣው» አሉኝ። በመዝገቡ ላይ አንድ ገጽ ጨመርን። ብቻውን የሚኖር ማን ነው፣ መራመድ የማይችል ማን ነው፣ ማን ይደርስለታል፣ የት እንሰበሰባለን፤ ይኸው ነው። ከድንኳናችንና ከድስቶቻችን ጋር ሲነጻጸር ገና አንዲት ቅጠል ናት።

ዕድር በገጠርም አለ። በየተዳፋቱ ያሉ ዕድሮች ይህችኑ ገጽ ቢኖራቸው፣ ክረምት ሳይገባ ስንጥቁን የሚያይና ለቀበሌው የሚናገር አንድ ሰው ቢመድቡ፣ ቀበሌውም ሲነገረው የሚሰጠው መሬት ቢኖረው፣ ኡኡታ ሰምቶ የሚሮጠው ጎረቤት ቢያንስ ወደ ቤቱ የመመለስ ዕድል ይኖረዋል።

ቸር ክረምት ያድርግልን።