ጎመን በባልዲ

አንገር ጉቲን ቆላ ነው፤ ጓሮ የተከሉትን ምስጥ፣ ዶሮና አባጨጓሬ ይሻሙታል። እኔ ደግሞ ልጆቼ በሚበሉት ቅጠል ላይ መድኃኒት መርጨት አልወድም። ስለዚህ ጎመኑንና ቆስጣውን በረንዳ ላይ አሳድጋለሁ።

እርስዎም ይሞክሩት። ያረጀ ባልዲ ወይም የዘይት ጀሪካን ይበቃል፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበትን ግን አጥበውም አይጠቀሙ። ሥሩን በስተው፣ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው ይሙሉት። ምስጥ እንዳይወጣበት ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት፤ ከከሰዓት ፀሐይም ያስጠልሉት።

ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ጀርባ ነው። ጠዋት ጠዋት ከልጆቼ ጋር ቅጠሉን እየገለበጥን ያገኘነውን እንጨፈልቃለን። ክሽክሽ ከታየ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ረጭተው፣ ቆይተው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ቢያለብሱት ደግሞ ቢራቢሮዋ አትደርስበትም። የወባ አጎበር ግን ለዚህ አይቁረጡ፤ በፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ቦታውም የልጆች አልጋ ነው። ከባልዲው ሥር ውሃ እንዲጠራቀምም አይፍቀዱ፤ ትንኝ ይፈለፈልበታል።

የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሱ የመሃሉን ካልነኩት፣ ጎመኑ ደጋግሞ ይሰጣል። የእኛ ልጆች አሁን ጎመን ሲቀርብ ፊታቸውን አያዞሩም፤ የራሳቸው ነዋ!