«ቢሮሽ የት ነው?» ለሚሉኝ

ሰው ሥራ አለው የሚባለው ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ ብቻ ነው እንዴ? እኛ ሁሩታ እንደዚያ ይመስላል። ሕግ ተምሬ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ላለ አንድ ትንሽ ድርጅት ከእናቴ ቤት ሆኜ እሠራለሁ። ጎረቤቶቻችን ግን «ልጅቷ ዛሬም ሥራ አላገኘችም?» እያሉ እናቴን ያጽናኗታል። ለቅሶ ደራሽ ይመስል!

ሥራዬ ይኸውላችሁ። ድርጅቱ አዲስ ንግድ ለሚጀምሩ ወጣቶች የውልና የማቋቋሚያ ሰነድ በኮምፒውተር ያዘጋጃል። እኔ ረቂቁን አነባለሁ፣ አርማለሁ። ሁለት ጓደኛሞች ቡና ላይ «እኩል እንካፈል» ብለው ይጀምራሉ። በስድስተኛው ወር አንደኛው ውጭ አገር ይሄዳል፤ ግማሹ ድርሻ ግን የሱ ነው። ከዚያማ ጭቅጭቅ! ስለዚህ ድርሻ በአንዴ ሳይሆን በሠሩበት ጊዜ ልክ እንዲገኝ ውሉ ውስጥ እናስገባለን። ብቻዬን ልሥራ ለሚልም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ ጄኔሬተር ያለው ካፌ እሮጣለሁ። የደንበኛ ምስጢር ስለያዝኩ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ለሰው ውል ሳረቅ እኔ ራሴ ውል አልነበረኝም! ስጠይቅ «እኛኮ ቤተሰብ ነን» ይሉኛል። የሁለት ወር ደመወዝ ሲዘገይ ቤተሰብነቱ እንጀራ አልሆነልኝም። አሰላ የሚማረው የታናሽ ወንድሜ ቤት ኪራይ ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አሠሪ በቀጥታ ሳይቆጣጠረው ቤቱ ሆኖ ስለሚሠራ ሰውም አዋጁ ይናገራል። ይህንኑ ጠቅሼ በትሕትና ጻፍኩላቸው። ሳምንት ሙሉ ዝም! እናቴማ «አባረሩሽ» ብላ ቡናው አልዋጥላት አለ። በስምንተኛው ቀን ውሉ ከነፊርማው መጣ፤ ደመወዙም ተከተለ።

እናንተም ከቤት ለመሥራት የምታስቡ፣ ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ የሥራ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ የኢንተርኔቱን ወጪ ማን እንደሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። መልሱንም አጽፉ። መጠየቅ ጥጋብ አይደለም። አሠሪያችሁን በዓይን በማታዩበት ሥራ፣ በእጃችሁ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለኛም ጭምር ነው።