ምስጢር ጠባቂዎቹ የጠፉበት የስለላ ፊልም

ጌዲዮን ራፍ ያዘጋጀውና ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰላዮች በሱዳን ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው ቀን እንግዳ እያስተናገዱ ሌሊት ቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ወደ እስራኤል ያሸሹ ነበር። ለስለላ ፊልም ከዚህ የተሻለ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ፊልሙ ግን ደካማ ነው። በእኔ እምነት ድክመቱ ከትወናው ወይም ከገንዘብ እጥረት የመጣ አይደለም፤ ትልቁን ምስጢር ማን እንደተሸከመው ሳይረዳ ነው የተሠራው።

የስለላ ፊልም የሚያስጨንቀን አንድ ሰው ማንነቱን ደብቆ በጠላት መሀል ሲኖር ስለምናይ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያንን ኑሮ በየቀኑ የኖሩት ስደተኞቹ ናቸው። ከሰሜን፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከወልቃይትና ከትግራይ የተነሱት ቤተሰቦች ከመንግሥት ዓይን ለመሰወር በሌሊት ተጓዙ። ሱዳን ሲደርሱም እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ሃይማኖታቸውን ደብቀው፣ ሰንበታቸውን በስውር እያከበሩ ከሌላው ስደተኛ ጋር ተቀላቅለው ከረሙ። ከመካከላቸው «ኮሚቴ» የሚባሉ ወጣቶች ተራ የደረሳቸውን ቤተሰቦች በጨለማ ወደ መኪና ያደርሱ ነበር። አንድ ሕፃን ያመለጠው ቃል ሁሉንም ሊያስይዝ ይችል ነበር። ፊልሙ ይህን ሁሉ አልፎ የሰላዮቹን መሪ አሪን የሚጫወተው ክሪስ ኢቫንስ በባሕር ዳር ስፖርት ሲሠራና ሆቴሉ ድንገት በቱሪስት ሲሞላ ያሳየናል። ስደተኞቹ በአብዛኛው የሚታዩት ወደ መኪና ሲጫኑና ከመኪና ሲወርዱ ነው።

ሌላው የጎደለው መሬቱ ነው፤ ከደባርቅ ወደ ቆላ የሚወርደውን የሊማሊሞ ቁልቁለት የሚያውቅ ተመልካች ይህን ወዲያው ያየዋል። የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ቦታ ቀይሮ መቅረጽ በሲኒማ የተለመደ ስለሆነ በዚያ አልወቅሰውም፤ የምወቅሰው ቁልቁለቱን ከታሪኩ ስላወጣው ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሱዳኗ ገዳሪፍ 600 ሜትር አካባቢ። ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ ሙቀቱና ወባው ይቀበሉታል። በመንገድና በመጠለያ ካለቁት ወደ 4,000 ከሚገመቱ ሰዎች ብዙዎቹን የገደለው በሽታና ረሃብ ነበር። ፊልሙ ግን አደጋውን በአንድ ጨካኝ የሱዳን መኮንን ፊት ላይ አስቀመጠው፤ ጠላት መልክ ሲኖረው ለመተረክ ይቀላልና።

«ፊልሙ ስለ ሰላዮቹ ነው፤ ያልሆነውን ለምን ትጠይቀዋለህ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰላዮቹም ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠዋል፤ ይህ ሊነገር ይገባል። ነገር ግን የስለላውን ሥራ እንኳ በትክክል ለመተረክ ስደተኞቹ ያስፈልጋሉ፤ ያለ ኮሚቴዎቹ ማንን ከየት እንደሚወስዱ ሰላዮቹ አያውቁም ነበር። «ከበደ የተባለው ገጸ ባሕርይስ?» ለሚሉም፣ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ሚናውን በክብር ተጫውቶታል። የገጸ ባሕርዩ መነሻ ፈረደ አክሉም ነው፤ ከትግራይ ወጥቶ ሱዳን የገባ፣ ከዚያ በላከው መልእክት ሞሳድን ወደ ወገኖቹ ያመጣ መምህር። እንዲህ ያለ ሰው ዋናው ባለታሪክ መሆን ሲገባው የአሪ ረዳት ሆኖ ቀርቷል።

«ታዋቂ ፈረንጅ ከሌለበት ማንም አያየውም» የሚለውን ክርክር ከሁሉ ያነሰ ነው የምቀበለው። «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተባለው የራዱ ሚሃይሌአኑ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 ከሱዳን መጠለያ የተወሰደን አንድ ልጅ መሀል አድርጎ በብዙ አገር ታይቷል። ዓለምወርቅ ዴቪዲያንም እ.ኤ.አ. በ2018 «የበለስ ዛፍ» በተሰኘ ፊልሟ በአዲስ አበባ ጉዞዋን የምትጠብቅን ወጣት ታሪክ በአማርኛ ተርካለች። ሁለቱም የስለላ ፊልሞች አይደሉም፤ ሆኖም መደበቅና መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርጉት ከራፍ ሥራ በላይ ያሳያሉ። ያንን መንገድ በእግራቸው የወረዱ ሰዎች ዛሬም በእስራኤል አሉ፤ በአማርኛና በትግርኛ ይናገራሉ፤ ቀጣዩ ፊልም ሠሪ መጀመሪያ ማዳመጥ ያለበት እነሱን ነው።